ከፕላዝማ እስከ ኦንላይን ፈተና፦ ማሽኑ ክፍል ሲገባ መምህሩ የት ይቆማል?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በኮምፒውተር መሰጠት የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ዓመት በዚህ መንገድ የተፈተኑት ጥቂቶቹ ነበሩ፤ በ2017 ቁጥራቸው ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። አንዱ ወገን "ዓለም የት ደርሷል፣ እኛ ገና በእርሳስ ክብ እናጠቁራለን" ይላል። ሌላው ደግሞ "ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ እንዴት አድርጎ ነው ዩኒቨርሲቲ መግባት አለመግባቱን በማውስ የሚወስነው?" ብሎ ይጠይቃል። መሃል ላይ ታብሌት፣ ስማርት ክፍል፣ ኮዲንግ፣ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሚባሉት ነገሮች ሁሉ ይገቡና ወሬው ይደበላለቃል።

ነገሩ አዲስ ስለሚመስል ነው ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው። አዲስ ግን አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ማሽን ወደ ክፍል ከገባ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ሬዲዮ ገብቷል፣ ቴሌቪዥን ገብቷል፣ ፕላዝማ ገብቷል፣ ላፕቶፕ ገብቷል። አንዳንዱ ጠቅሟል፣ አንዳንዱ አቧራ ለብሶ ቀርቷል። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማየት ስለ ኦንላይን ፈተናውም ስለ ኤአይም ለመነጋገር ይረዳል።

መጀመሪያ ሦስት ነገሮችን እንለያቸው

"ኮምፒውተር በትምህርት ቤት" ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠራን ነው።

አንደኛው ኮምፒውተርን መማር ነው። አይሲቲ ወይም አይቲ ተብሎ በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠው ትምህርት እዚህ ውስጥ ይገባል። ተማሪው ስለ ማሽኑ ይማራል፦ ፋይል እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ሰንጠረዥ እንዴት እንደሚሠራ፣ ፕሮግራም እንዴት እንደሚጻፍ። ሁለተኛው በኮምፒውተር መማር ነው። እዚህ ላይ ትምህርቱ ሒሳብ ወይም ባዮሎጂ ነው፣ ማሽኑ መሣሪያ ብቻ። ሦስተኛው በኮምፒውተር መፈተን ነው።

ሦስቱ የሚፈልጉት ነገር ይለያያል። ለመጀመሪያው በሳምንት ሁለት ሦስት ሰዓት የሚገባበት አንድ የኮምፒውተር ክፍልና አንድ የሠለጠነ መምህር ሊበቃ ይችላል። ለሁለተኛው በየቀኑ የሚሠራ መሣሪያ፣ በልጁ ቋንቋ የተዘጋጀ ትምህርት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መሣሪያውን ከትምህርቱ ጋር የሚያገናኝ መምህር ያስፈልጋል። ሦስተኛው የሚፈልገው ለጥቂት ቀን ብቻ ያለ ምንም መቆራረጥ የሚሠራ ሥርዓት ነው፤ ግን ተማሪው ቀድሞ የለመደው መሆን አለበት። "ኮምፒውተር ገዝተናል" የሚል ዜና ስንሰማ ለየትኛው እንደሆነ ካልጠየቅን፣ ለአንዱ የተገዛው ለሦስቱም እንደሚሆን አድርገን እናስባለን። ብዙው አለመግባባት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ተስፋው ከኮምፒውተር ይቀድማል

አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1913 መጻሕፍት በቅርቡ ከትምህርት ቤት እንደሚወጡና ቦታቸውን ፊልም እንደሚይዝ ተናግሮ ነበር። አልሆነም። ከዚያ ሬዲዮ መጣ፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥን፣ ተስፋውም እንደገና አብሮ መጣ።

ኮምፒውተር ለማስተማሪያ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፣ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ። ሥርዓቱ ፕሌቶ ይባል ነበር። ማሽኑ ጥያቄ ያቀርባል፣ ተማሪው ይመልሳል፣ ማሽኑ ያርማል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1967፣ ሲይሞር ፓፐርትና ባልደረቦቹ ሎጎ የተባለውን ለልጆች የሚሆን የፕሮግራም ቋንቋ ሠሩ። የእነሱ ሐሳብ ተቃራኒ ነበር፦ ማሽኑ ልጁን ከሚያዝ ልጁ ማሽኑን ይዘዝ። ልጁ ስክሪን ላይ ያለችውን ኤሊ "ወደፊት ሂጂ፣ ወደ ቀኝ ዙሪ" እያለ ቅርጽ እንድትሥል ያደርጋል፣ ሲሳሳት ስህተቱን ራሱ ያየዋል።

እስከ ዛሬ የምንከራከረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ኮምፒውተሩ አስተማሪ ነው ወይስ የልጁ መሣሪያ? ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ሁለቱ ትልልቅ ሙከራዎችም አንዱ ከአንደኛው፣ ሌላው ከሁለተኛው ወገን ናቸው።

ፕላዝማ፦ ማሽኑ ሲያስተምር

በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ ትልልቅ ስክሪኖች ተሰቀሉ። ሕዝቡ "ፕላዝማ" አለው፣ ስሙም በዚያው ጸና። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ከአዲስ አበባ በተመሳሳይ ሰዓት ለሁሉም ትምህርት ቤት ይሰራጭ ነበር። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሌሎችም፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ።

ሐሳቡ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በፍጥነት እየሰፋ ነበር፣ ብቁ መምህር ግን በዚያው ፍጥነት አይገኝም። ላብራቶሪ የሌለው የወረዳ ትምህርት ቤትም የአዲስ አበባውም ልጅ ያንኑ ትምህርት፣ ያንኑ የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይኑ ያያል ማለት ትልቅ ነገር ነው። በእርግጥም አሲድና ቤዝ ሲቀላቀሉ ምን እንደሚሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በፕላዝማ ላይ የሆነ ብዙ ተማሪዎች አሉ። ይህን ጥቅም መካድ ፍትሐዊ አይሆንም።

አሁን ክፍለ ጊዜውን ከውስጥ እንየው። ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ገደማ ነው። መምህሩ ገብቶ ለጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል። ከዚያ ስርጭቱ ይጀምራል፣ ወደ ሠላሳ ደቂቃ ያህልም ይወስዳል። ስክሪኑ ላይ ያለችው አስተማሪ በማያውቁት አነጋገር፣ በፍጥነት ትናገራለች። ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ለመሥራት አጭር ጊዜ ይሰጣል፣ ሰባው ተማሪ ገና ጥያቄውን ሳይገለብጠው መልሱ ይወጣል። አንድ ልጅ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። መምህሩ አቁሞ ሊያስረዳ ቢፈልግ አይችልም፤ ስርጭቱ እሱን አይጠብቅም። ሲያበቃ በቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች "ምን ገባችሁ?" ይላል፣ ደወሉ ይደወላል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት እዚያው ጠፋ፣ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም።

ችግሩን ብዙዎች ቋንቋው ላይ ያደርጉታል። እውነት ነው፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል አብዛኛውን ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ ዘጠነኛ ሲገባ በድንገት በእንግሊዝኛ ስርጭት ላይ ተጣለ። በእኔ እምነት ግን ዋናው ጉዳት ሌላ ቦታ ነው። ጊዜውን የያዘው ማሽኑ ነበር። ጥሩ መምህር ማለት የተማሪውን ፊት አይቶ "አልገባቸውም፣ ልድገመው" የሚል ሰው ነው። ፕላዝማ ይህችን ውሳኔ ከመምህሩ እጅ ወሰደበት። መምህሩ አብሪና አጥፊ ሆነ፣ ተማሪው ፊትም ክብሩ ዝቅ አለ። ማሽኑ የመጣው የመምህር እጥረትን ለመሸፈን ነበር፤ ያሉትን መምህራን ግን የክፍሉ ተመልካች አደረጋቸው።

በኋላ ፕሮግራሞቹ ተሻሽለዋል፣ ለመምህሩ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጥ የሚሉ ማስተካከያዎችም መጥተዋል። እስከዚያ ግን በየቦታው ስክሪኖች ተበላሽተው፣ ሣጥናቸው ውስጥ እንደተቆለፉ ቀርተዋል። መለዋወጫ ከየት ይመጣል፣ ማን ይጠግነዋል የሚለው ከግዢው ጋር እኩል አልታሰበበትም።

ላፕቶፑ፦ ልጁ ማሽኑን ሲያዝ

ሁለተኛው ሙከራ ከፓፐርት መንገድ የመጣ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ለእያንዳንዱ የድሃ ሀገር ልጅ የመቶ ዶላር ላፕቶፕ እናቀርባለን አለ። መቶ ዶላር ግን አልሆነም፤ ማሽኑ በ2007 ወደ ምርት ሲገባ ዋጋው ወደ ሁለት መቶ ተጠግቶ ነበር። ነጭና አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ የጥንቸል ጆሮ የመሰለ አንቴና ያለው ትንሽ ላፕቶፕ ነው፣ አቧራና ዝናብ እንዲችል የተሠራ። ወደ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ አምስት ሺህ ገደማ ገብቶ ለአዲስ አበባና ለሌሎች አካባቢዎች ትምህርት ቤቶች ተከፋፍሏል።

በዓለም ብዙ የገዛችው ፔሩ ናት፣ ከስምንት መቶ ሺህ በላይ። እዚያ በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። ላፕቶፑ ለልጆቹ ደርሷል፣ ተጠቅመውበታል። በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ግን ለውጥ አልታየም። ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገ ጥናትም ተመሳሳይ፣ ግን የበለጠ የሚያስገርም ነገር አሳይቷል፦ ላፕቶፕ ያገኙት ልጆች ነገሮችን በማዛመድና በማነጻጸር፣ ማለትም ረቂቅ በሆነ አስተሳሰብ ከሌሎቹ ተሽለዋል፣ የክፍል ውጤታቸው ላይ ግን ይህ አልታየም። ለምን? ላፕቶፑና ትምህርቱ ሁለት የተለያዩ ዓለሞች ስለነበሩ ይመስለኛል። ልጁ በላፕቶፑ ይሥላል፣ ይጫወታል፣ ያስባል። ክፍል ሲገባ ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለውን ይገለብጣል። መምህሩ ሁለቱን እንዲያገናኝ በበቂ አልሠለጠነም፤ እንዲያውም ላፕቶፑ ትኩረት የሚሰርቅ ነገር ሆኖበት እንዲዘጋ የሚያዝዝ መምህር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ላፕቶፑን ያቀረበው የኔግሮፖንቴ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ሌላ ነገር ሞከረ። ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች የታሸገ ካርቶን ውስጥ ታብሌት አስቀመጡ፣ ያለ አስተማሪ፣ ያለ መመሪያ። ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ማብሪያውን አገኘ፣ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ነበር፣ በአምስት ወር ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። ይህ ወሬ ዓለምን ዞረ። የልጆቹ ብልህነት እውነት ነው፣ ማንም የገጠር ልጅ የሚያውቅ ሰው አይጠራጠረውም። ግን መሣሪያ መክፈትና ማንበብ መቻል አንድ አይደሉም። ከዚያ ሙከራ "እንግዲያውስ መምህር አያስፈልግም" ብሎ መደምደም ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው።

ታዲያ የሠራ ነገር የለም?

አለ። ሁለቱን ልጥቀስ፣ ምክንያቱም ከፕላዝማውም ከላፕቶፑም ልዩነታቸው ግልጽ ነው።

ዴልሂ፣ ህንድ ውስጥ ከስድስተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ያሉ ልጆች ከትምህርት ሰዓት ውጪ ማይንድስፓርክ በተባለ ሶፍትዌር እንዲማሩ ተደረገ። ሶፍትዌር ማለት ማሽኑ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው። ይህኛው መጀመሪያ ልጁን ይፈትነዋል፤ ስምንተኛ ክፍል ያለ ልጅ የሒሳብ ዕውቀቱ አራተኛ ክፍል ላይ ከሆነ ከአራተኛ ያስጀምረዋል። ቋንቋው ሂንዲ ነው። ከሶፍትዌሩ ሌላ በትንንሽ ቡድን የሚያግዝ ሰው አለ። በአራት ወር ተኩል ውስጥ በሒሳብም በሂንዲም ትልቅ መሻሻል ታየ። ሰባ ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ አንድ መምህር የእያንዳንዱን ደረጃ ለይቶ ማስተማር አይችልም። ማሽኑ የገባው በትክክል እዚያ ክፍተት ላይ ነው።

ኬንያ ደግሞ መሣሪያውን ለማን እንስጠው የሚለውን አወዳድረዋል። ለአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች የማንበቢያ መሣሪያ፣ ለአንዳንዶቹ ለመምህሩ ታብሌት፣ ለአንዳንዶቹ ደግሞ መምህራንን እየዞሩ ለሚያማክሩት ሱፐርቫይዘሮች ታብሌት ሰጡ። ለሱፐርቫይዘሮቹ መስጠቱ ለተማሪዎቹ ከመስጠት ያላነሰ ውጤት አመጣ፣ ወጪው ግን እጅግ ያነሰ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ገብቶ ልጆቹ ሲያነቡ ያዳምጣል፣ ታብሌቱ ላይ ይመዘግባል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ መምህሩን ያማክራል። ልጆቹ መሣሪያውን ራሱን አልነኩትም፤ ንባባቸው ግን ተሻሻለ።

ኤአይንም በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። ጥያቄ ሲጠየቅ በሰው ቋንቋ የሚመልስ ፕሮግራም ለልጁ መልሱን ጽፎ ከሰጠው ልጁ የሚማረው ነገር የለም። የልጁን ስህተት አይቶ "እዚህ ጋ ነው የተሳሳትከው" ካለው ወይም መምህሩ ሰባ ደብተር በማረም የሚያልቀውን ማታ ካሳጠረለት ግን ሌላ ነገር ነው። ሐሳቡ ያማረ ነው፣ ነገር ግን እነዚህ ፕሮግራሞች በአማርኛ ከእንግሊዝኛው ያነሰ ይችላሉ፤ የተማሩበት የአማርኛ ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎቹም ያው ነው።

ኪቦርዱ ላይ የሌለው ፊደል

ስለ ቋንቋ ካነሳን ትንሽ የምትመስል ግን በየቀኑ የምታጋጥም ነገር አለች። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድ ማለት የዓለም ፊደላት ሁሉ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ሆነው እንዲታዩ የሚያደርግ የጋራ የቁጥር ዝርዝር ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር።

ዛሬ ያ ችግር ተፈቷል። ግን የኮምፒውተር ክፍል ገብታ ስሟን መጻፍ የምትሞክር የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አስቡ። "ሰላማዊት" ለማለት ኪቦርዱ ላይ "ሰ" የሚል አታገኝም። ኤስ ትጫናለች፣ ቀጥሎ ኢ፣ ያኔ "ሰ" ይወጣል። "ዊ" ጋ ስትደርስ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ጠፋባት። በዚህ አካሄድ ስሟን ለመጻፍ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፣ ያውም የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም ተጭኖ ከሆነ ነው። ካልተጫነ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፈዋለች። ይህ ልማድ ልጆች "ኮምፒውተር የእንግሊዝኛ ነገር ነው" ብለው እንዲያምኑ ያደርጋል። የአማርኛ መተየቢያን የማይጭን የኮምፒውተር ክፍል ግማሽ ሥራውን ትቶታል ብዬ አምናለሁ። ነፃ መተየቢያዎች ስላሉ የሚጠይቀው ገንዘብ አይደለም፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ወደ ኦንላይን ፈተናው ስንመለስ

የፈተናው ጥቅም ግልጽ ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲበተን፣ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና መስጠት ግድ ሆነ። ከዚያ በኋላ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት መዝጋት ተለመደ። ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ ተፈታኞቹን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች አጓጉዞ መፈተን ተጀመረ፣ ለዚህም የሚወጣው ገንዘብና ድካም ቀላል አይደለም። ወረቀት ማተም፣ ማሸግ፣ በፖሊስ አጅቦ ማጓጓዝ፣ መሰብሰብ፣ ማረም፣ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቀዳዳ አለ። ጥያቄው በኮምፒውተር ሲቀርብ ብዙዎቹ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ ውጤትም ቶሎ ይወጣል። ሁሉም ቀዳዳዎች ግን አይደፈኑም፤ የይለፍ ቃል የያዘ ሰው እምነት ካጎደለ ቀዳዳው ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

መሣሪያ ማግኘቱ ራሱ ቀላል እንዳልሆነም አይተናል። በኮሮና ምክንያት የዘገየው የ2012 ፈተና በታብሌት ይሰጣል ተብሎ ነበር። ታብሌቶቹ በጊዜው ስላልደረሱ በ2013 በወረቀት ተሰጠ።

ሥጋቱም እውነት ነው፣ በሌላ ሀገር ተለክቷል። አሜሪካ ውስጥ የማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 አንድን ፈተና ከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር፣ ከፊሉ በወረቀት እንዲወስደው አድርጋ ነበር። በኮምፒውተር የተፈተኑት በተለይ በቋንቋ ትምህርት ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። በሁለተኛው ዓመት ልዩነቱ ጠበበ፣ ልጆቹ ለመዱታ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ኮምፒውተር ባለበት ሀገር ያደጉ ልጆች ናቸው። እዚህ ደግሞ ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች መብራት እንኳን የላቸውም። ረጅም የእንግሊዝኛ ምንባብ ስክሪን ላይ ወደ ላይ ወደ ታች እያደረጉ ማንበብ፣ ሒሳብ ሲሆን ደግሞ ጥያቄውን ስክሪን ላይ አይቶ ስሌቱን ወረቀት ላይ ሠርቶ መመለስ፣ ለለመደው ምንም አይደለም፣ ላልለመደው ግን ደቂቃዎችን ይበላል። አለማወቅና አለመልመድ ደግሞ በውጤት ካርዱ ላይ አይለዩም።

በዚህ ላይ "ዝግጁ እስክንሆን ይቅር" የሚሉ አሉ። ሐሳባቸው ይገባኛል፣ ግን አልስማማም። ያለ ጫና ማንም ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍሉን አይከፍትም፤ ብዙ ቦታ ክፍሉ ተቆልፎ ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ የሚከርመው ማሽኑ እንዳይበላሽ በመፍራት ነው። ፈተናው ያንን በር ሊያስከፍት ይችላል። ግን በሩ የሚከፈተው ለፈተናው ሳምንት ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ከሆነ ብቻ ነው የሚጠቅመው፣ ልምምዱም ከ12ኛ ክፍል ሳይሆን ከዘጠነኛ መጀመር አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ በቀላሉ ሊደረግ ይችላል። በ2014 በፈተናው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። እነዚህ ቁጥሮች ሲነገሩ አገር ይነጋገራል። ከዚህ በኋላ ውጤቱ ይፋ ሲደረግ በኮምፒውተር የተፈተኑትና በወረቀት የተፈተኑት ተለይተው፣ ከተማና ገጠር ተለይተው፣ በየትምህርት ዓይነቱ ይውጡ። ከተመሳሳይ ትምህርት ቤት የመጡ፣ ቀደም ሲል በክፍል ውጤታቸው እኩል የነበሩ ልጆች በሁለቱ መንገዶች ምን እንዳመጡ ማወዳደር ለሚኒስቴሩ ከባድ ሥራ አይደለም፣ መረጃው እጁ ላይ ነው። ልዩነት ከሌለ የወላጅ ሥጋት ይቀንሳል። ልዩነት ካለ ደግሞ የትኞቹ ወረዳዎች ልምምድ እንደሚያንሳቸው በስም ይታወቃል፣ ኮምፒውተሩም፣ መብራቱም፣ የአይቲ መምህሩም መጀመሪያ ወደዚያ ይሄዳል።